ከአሥር ስድስት ተኩል

የትም ሰፈር ብትሄዱ፣ ውሃ ቢጠፋ፣ መብራት ቢጠፋ፣ እሱ የማይጠፋ አንድ ሰው አለ፤ «ድሮ ነበር ጥሩ» የሚል ሰው። ዳቦው ድሮ ነበር ጥሩ፣ ጫማው ድሮ ነበር ጥሩ፣ ዝናቡ እንኳ ድሮ በሥርዓት ነበር የሚዘንበው።

የዚህ ወገን የበላይ ጠባቂ፣ ክቡር ሊቀ ሐያስያን፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ባለችው ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ይገኛሉ። መተዳደሪያቸው መቀስ ነው። የተፈጠሩት ግን ለሌላ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የሚተላለፈውንና አሥራ ዘጠነኛ ምዕራፉ ላይ የደረሰውን የካርቱን ኮሜዲ ለመዳኘት። ኮሜዲው ስለ አንድ አሳንሰር ጠጋኝና ስለ ቤተሰቡ ነው። ሰውየው የከተማውን አሳንሰር ሁሉ ሲጠግን ይውላል፤ የሚኖርበት ሕንጻ አሳንሰር ግን አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም።

የዕለቱ ክፍል ፀጉር ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ሲያልቅ ሊቀ ሐያስያን ጣታቸውን የጢም አረፋ ውስጥ ነከር አድርገው መስታወቱ ጥግ ላይ ማርክ ይጽፋሉ። ከአሥር ነው። ከዚያ ወደ ደብተር ይገለበጣል፤ ደብተሮቹ ሰባት ደርሰዋል። መስታወቱ ላይ ከሦስት በታች የተጻፈ ቀን፣ ጢሙን ሊላጭ የተቀመጠ ደንበኛ ሁሉ ድንገት ቀጠሮ ትዝ ይለዋል።

«ከአራተኛው ምዕራፍ በኋላ ያለው ትርፍ ነው» ይላሉ። ይህን ማለት ከጀመሩ አሥራ አምስት ዓመት ሆናቸው፤ በአሥራ አምስት ዓመትም ከአምስት በላይ የሰጡት ክፍል የለም።

«ታዲያ ለምን ያዩታል?» አላቸው አንድ ቀን የፌርማታው ቲኬት ሻጭ።

«የታመመ ዘመድ አይጠየቅም?»

እኚህን ሰው ከማንም በላይ የምታውቃቸው የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ከሥራ እስክትመለስ ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው እዚያው ፀጉር ቤት ነበር። ሕፃን ደንበኛ ከፍ እንዲል በወንበሩ መደገፊያዎች ላይ በምትጋደመው ጣውላ ላይ ያስቀምጧታል፤ እሷም ፊቷን ወደ መስታወቱ አድርጋ፣ ከኋላዋ የሚገባ የሚወጣውን በመስታወት እያየች ስትሥል ትውላለች። ዛሬ ሠዓሊ ሆናለች፤ ያውም የዚሁ የካርቱን ኮሜዲ። ከሰዎቹ ኋላ የሚታየውን ቤት፣ ደረጃ፣ መንገድ የምትሥለው እሷ ናት።

ዘመድ ነኝ ብላ ያተረፈችው ነገር የለም። ለመጀመሪያ ሥራዋ ሦስት ሰጧት። «ሰማዩ ደህና ነው» አሏት፤ «ከሰማዩ በታች ያለውን ተይው።» እንዲያም ሆኖ ትደነቅባቸዋለች። አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ሃምሳ ሰው ተሰብስቦ፣ በሁለተኛው ምዕራፍ የጠጋኙ ቤት በር ምን ቀለም እንደነበረ መስማማት ሲያቅተው፣ ኮሪደር ወጥታ ደወለችላቸው።

«አረንጓዴ ነው» አሉ፣ በደንበኛ ጆሮ ዙሪያ እየቆረጡ። «ሰባተኛው ክፍል ላይ ግን አንዱ ዝንጉ ሰማያዊ ቀብቶታል። አንድ ማርክ ቀንሼበታለሁ።»

ፋይሉ ተፈልጎ ሲወጣ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። ሃምሳ ሰው ሠርቶ የረሳውን አንድ ፀጉር አስተካካይ ጠብቆ አስቀምጦታል። ነገሩ ያስፈራታልም፣ ያኮራታልም።

ዘንድሮ አሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ሲጀመር ጋዜጦች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ «ዕድሜ ጠግቧል፣ በክብር ይሸኝ» ሲል ሌላው «እንደገና ተወለደ» አለ። ሁለቱንም ለአጎቷ አነበበችላቸው። «ደብተር አላቸው?» ብለው ጠየቁ። የላቸውም። «እንግዲያው ተያቸው።»

ከምዕራፉ አንዱን ክፍል ግን ዳኞች ገና ሳይተላለፍ አይተው የዓመቱን ምርጥ የሥዕል ሽልማት ሰጡት። ጠጋኙ ፀጉር ቤት ገብቶ ተራ ሲጠብቅ የሚውልበት ክፍል ነው። ፀጉር ቤቱን የሣለችው እሷ ናት፤ አፉ የተሸረፈው የማበጠሪያ ብርጭቆ፣ በፕላስተር የተጠገነው ወንበር፣ በሩ አጠገብ የተሰቀለው ክብ ሰዓት፣ አንድም አልቀረ።

አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጨበላት ሴት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዋንጫዋን በሻርፕ ጠቅልላ በቦርሳዋ ይዛ ፀጉር ቤቱ ገባች። አሁን የቀራት የአንድ ሰው ማርክ ብቻ ነው።

ክፍሉ ተጀመረ። መቀሱ ቆመ። ቲኬት ሻጩ ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ፣ ግማሹ ቀርቶ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ሊቀ ሐያስያን አልሳቁም። ሲያልቅ ጣታቸውን አረፋው ውስጥ ነከሩ፤ ቆየት አሉና ጻፉ። ስድስት ተኩል።

«ከአራተኛው በኋላ እንዲህ ሰጥተው አያውቁም እኮ» አላት ቲኬት ሻጩ በሹክሹክታ።

እሷ ግን አልሰማችውም። «ጋሼ፣ ምኑ ጎደለ?» አለች።

«ሰዓቱ። እስቲ ጀርባሽን ለመስታወቱ ሰጥተሽ ቁሚ። ሰዓቱ ከበሩ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ።»

«አንቺ በግራ ሰቀልሽው።»

እውነት ነው። ይህን ቤት በልጅነቷ ያየችው ጣውላው ላይ ተቀምጣ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ ሰዓቱ ከበሩ በግራ ነው። በልቧ ከያዘችው እንጂ ከግድግዳው አይታ አልሣለችውም። ነቢይ በአገሩ አይከበርም እንዲሉ፣ ዓለም የሸለማት እዚህ ታረመች። ዋንጫውን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ተሰናብታ ወጣች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስትመለስ ቲኬት ሻጩ አንገቱን እያሸ ተቀበላት። «ሰዓት ባየሁ ቁጥር አንገቴ በሌላው በኩል እየዞረ ተቸገርኩ» አለ።

ቀና ብላ አየች። ከበሩ በስተቀኝ ምስማር የተነቀለበት ቀዳዳና ቀለሙ ያልደበዘዘ ክብ ቦታ ብቻ ቀርቷል። ሰዓቱ በስተግራ ተሰቅሎ ይቆጥራል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ስህተት ነበር፣ ታረመ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከደንበኛው ማጅራት ሳያነሱ።

«የማን ስህተት?»

ሊቀ ሐያስያን የምላጩን አረፋ በፎጣ ጠረጉ።

«የግድግዳው» አሉ።