የሰብሳቢውን የቀኝ እጅጌ ለመመርመር የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ።
የአየር ሁኔታ፦ ካፊያ። ጣሪያው በመስኮቱ በኩል ስለሚያፈስ ባልዲ ተቀምጧል።
ቦታ፦ የስኑከር ክበቡ አዳራሽ፣ የሻይ ጠረጴዛው ዙሪያ። ትልቁ ጠረጴዛ ያላለቀ ጨዋታ ስላለበት አንሶላ ተወጥሮበታል። አንሶላው ኳሶቹን እንዳይነካ በወንበሮቹ ጀርባ ላይ ስለታሰረ አባላቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው (የእጅጌው ባለቤት)
2. ገንዘብ ያዡ (በዋንጫው ጨዋታ የሰብሳቢው ተጋጣሚ)
3. ልብስ ሰፊው (እጅጌውን የሰፉት)
4. የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው (የሰብሳቢው ባለቤት ወንድም)

ያልተገኙ፦ ምክትል ሰብሳቢው። ስብሰባ መኖሩ በጊዜ ስለተነገራቸው አልመጡም።

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ጸሐፊ ሲፈለግ አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። የአንዱን ጽሕፈት ሌላው እንደማያነበው፣ አንዳንዶቹም የራሳቸውን እንደማያነቡ ስለታወቀ፣ በጨዋታው ፋውል ጠርታ የተከሰሰችው ዳኛ ጸሐፊ ሆና ተመረጠች። ገንዘብ ያዡ ይህ ያስኬድ እንደሆነ ቢጠይቁ ሰብሳቢው «ምን ችግር አለው? እኛ እንናገራለን፣ እሷ ትጽፋለች» በማለት አስረድተዋል። ድምፅ የላትም።

የስብሰባው ምክንያት፦ ባለፈው እሑድ በዋንጫው ጨዋታ ሰብሳቢው በአምስት ነጥብ እየመሩ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ሮዝና ጥቁር ኳስ ብቻ ቀርተው ነበር። ሰብሳቢው ሮዟን ለመምታት ሲንጠራሩ የኮታቸው ቀኝ እጅጌ ጥቁሯን ነካ። ዳኛዋ «ፋውል፣ ሰባት» አለች። ሰባቱ ነጥብ ለገንዘብ ያዡ ስለሚሰጥ ሰብሳቢው በሁለት ተመሪ ሆኑ። ወዲያውም መምቻቸውን አስቀምጠው አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ዳኛዋ በሥራዋ ትቀጥል ወይስ ነጭ ጓንቷን ታስረክብ የሚለው ዛሬ ይወሰናል።

አጀንዳ 1፦ የዳኛዋ ሕይወትና የሥራ ልምድ

ዳኛዋ ወደ ክበቡ የገባችው አዳራሹን ለመጥረግ እንደነበረ ተገለጸ። የጨዋታውን ሕግ የተማረችው ከተቀደደ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል እየለቀመች ነው፤ ከፊሉን በተሰነጠቀ መስኮት ላይ ተለጥፎ፣ ከፊሉን በሚወዛወዝ ወንበር እግር ሥር ታጥፎ አግኝታዋለች። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው «እና ይሄ ትምህርት ሊባል ነው? ከወንበር እግር ሥር!» ብለዋል። ገንዘብ ያዡ ወንበሩ ከዚያ ወዲህ እንደሚወዛወዝ አስታውሰዋል።

ሥራዋ የገባችውን ኳስ ማውጣት፣ መወልወል፣ ቦታዋ መመለስ፣ ነጥብ መጥራትና ከዚያ ውጪ አፏን አለመክፈት መሆኑ ተነበበ። ሰብሳቢው በመጨረሻው ላይ ጉድለት መታየቱን አመልክተዋል።

ቀጥሎም አክስቷ ለሰፈሩ ሁሉ «የእህቴ ልጅ ዳኛ ናት» ብለው ስላስወሩ፣ በአጥር የተጣሉ ጎረቤቶች ደጇ ድረስ ይመጡ እንደነበር ተነሳ። ኃላፊው ይህ ያለ ሥልጣን መፍረድ ነው አሉ። ተጠይቃ ስትመልስ አንድም ቀን አለመፍረዷን፣ ሁለቱንም ቆማ ዝም ብላ ስታያቸው ተስማምተው መሄዳቸውን ገልጻለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሥራዋ ሥራ ነው ተብሎ ለጊዜው እንዲታመን ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ እጅጌው

ሕጉ ተጫዋች ኳስን በእጁም ሆነ በልብሱ ቢነካ ፋውል ነው ይላል። ኃላፊው «ጋሼ ኳሷን አልነኩም፤ የነካው እጅጌው ነው። እጅጌ ደግሞ እጅ አይደለም» ሲሉ ተከራከሩ። ልብስ ሰፊው ቃሉ ራሱ ውስጡ እጅ አለበት አሉ። ኃላፊው «ይኑርበታ! ልብስስ ነው? እስቲ እጅጌ ብቻ ለብሶ ከቤቱ የወጣ ሰው አሳዩኝ!» አሉ። ማሳየት የቻለ አባል አልተገኘም።

ሰብሳቢው ልብስ ሰፊውን እጅጌው ረዝሞ እንደሆነ ጠየቋቸው። ረዝሟል ቢሉ ደንበኛ ሊሸሻቸው፣ ልኩ ነው ቢሉ ሰብሳቢው ሊቀየሟቸው ነው። «ልክ የወሰድኩት ቀጥ ብለው ቆመው ነው፤ ጠረጴዛ ላይ እንደሚጋደሙ ማን ነገረኝ?» ብለው ውኃ ለመጠጣት ወጡ።

ገንዘብ ያዡ «እኔ ዋንጫ ይዤ ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። ቢሆንም ጠብ አልፈልግም፤ ሰባቱንም ይውሰዱት» በማለት ለሰላም ያላቸውን ፍላጎት አሳይተዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ እጅጌው ልኩ መሆኑ፣ ጥፋቱን ግን በራሱ ፈቃድ መፈጸሙ፣ ከእንግዲህም እጅጌው የሚያደርገውን ሁሉ ሰብሳቢው እንዳላደረጉት እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ጓንቱ

የዳኝነቱን ሥራ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው እንዲረከቡ ተወሰነ። ዳኛዋ ጓንቷን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የምትለው ካላት ስትጠየቅ «እጅጌው ነክቷል» አለች። አባባሉ እንዳይመዘገብ ታዘዘ።

ኃላፊው ጓንቱን በግድ ሲያጠልቁ በአውራ ጣቱ በኩል ተተረተረ። ውኃ ጠጥተው የተመለሱት ልብስ ሰፊው መርፌ አወጡ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሻይ ቀረበ። ሰብሳቢው ስኳር ለማንሳት ሲንጠራሩ ቀኝ እጅጌያቸው የገንዘብ ያዡን ብርጭቆ ጭናቸው ላይ ደፋው። ገንዘብ ያዡ ዘለው ተነሱ። ከጸሐፊዋ አካባቢ «ፋውል» የሚል ድምፅ ተሰምቷል፤ ማን እንዳለው አልተረጋገጠም።

ሰብሳቢው፦ «ውይ! ይቅርታ ወንድሜ፣ አላየሁም!»

ገንዘብ ያዡ፣ ሱሪያቸውን ከጭናቸው አርቀው እንደያዙ፦ «ማን ነው ይቅርታ የሚለኝ?»

«እኔ ነኛ!»

«እርስዎማ ምን አደረጉ? የደፋው እጅጌው ነው። እሱ ይቅርታ ይጠይቀኝ!»

ኃላፊው እጅጌው በተወካይ ይቅርታ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው «አንተ ዝም በል» በማለት ሐሳቡን ውድቅ አደረጉት። ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ አድራጊውን እሳቸው ሰፍተውታልና በዚህ ጉዳይ ድምፅ እንደማይሰጡ አስታወቁ።

ገንዘብ ያዡ፦ «ወይ እጅጌውን ይውሰዱት፣ ወይ ይቅርታዎን ይመልሱት። እኔ ተቃጥያለሁ!»

ሰብሳቢው እጅጌያቸውን ወደ ክርናቸው ሰብስበው፦ «እሺ! የኔ ነው። የደፋሁትም እኔ ነኝ።»

ጸሐፊዋ ለመዝገቡ እንዲሟላ ያህል «ኳሷንስ?» ብላ ጠየቀች።

ሰብሳቢው አዩዋት። ገንዘብ ያዡም ሰብሳቢውን አዩ። ሰብሳቢው «እሱንም ጻፊው» አሉ። ተጽፏል።

ስለዚህ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው በሙሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ጓንቱ ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ ጨዋታው በማግስቱ ካቆመበት እንዲቀጥል ተወሰነ። በዚህም የዳኛዋ ሥራ ሥራ መሆኑ አብሮ ተሽሯል፤ ልብ ያለ የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አባላቱ ተነሱ፤ ገንዘብ ያዡ ቀድሞውንም ቆመው ነበር።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በማግስቱ ጠዋት ጸሐፊዋ ቀድማ መጣች። ባልዲውን ደፋች። አንሶላውን ከወንበሮቹ ፈትታ ኳሶቹን ሳታስነካ አጠፈችው። ሮዟም ጥቁሯም ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ሰብሳቢው በዚያ ብርድ አጭር እጅጌ ሸሚዝ ለብሰው ገቡ። ገንዘብ ያዡ «ኮቱስ?» ሲሏቸው «ዛሬ አልተጠራም» ብለው ይህንን ቃለ ጉባኤ ፈረሙ። ጸሐፊዋ ቀኝ ጓንቷን አነሳች፤ ልብስ ሰፊው የጠቀሙት አውራ ጣት ትንሽ ጠብቧል። ገንዘብ ያዡ በሁለት እንደሚመሩ፣ ተራውም የእሳቸው እንደሆነ ጠርታለች።

ጓንት አድርጎ መጻፍ ስለማይመች ቃለ ጉባኤው እዚህ ላይ አብቅቷል።