ሊቁና መርፌ ሜዳ ሲገመግሙ

ያወቅኳቸው ሱሪዬን ላሳጥር ሄጄ ነው። መርፌ የሚሉት ልብስ ሰፊ ነው፤ ዝም ብሎ ይሰፋል። ሊቁ የእህቱ ባል ነው፤ እሱ ደግሞ ዝም ማለት አያውቅም። ይህን ጨዋታ መርፌ እየለካኝ ነው ያጫወተኝ፤ እንደሰማሁት ጻፍኩት።

ሊቁ ሥራውን ለቆ፣ ገጠር ገብቶ፣ የሰው እጅ ሳያይ ሊኖር ቆረጠ። መርፌንም የስፌት መኪናውን ሸጦ አብሮት እንዲገባ ወጥሮ ያዘው። ሊቁ ሊከራየው ያሰበውን ሜዳ ሊገመግሙ አብረው ሄዱ።

(በጋ ነው። ሰፊ ለምለም ሜዳ። ሊቁ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ መርፌ አካፋ ይዟል።)

ሊቁ፦ የሳሩን ቁመት ለካ አልኩህ እኮ!

መርፌ፦ ሜትሬ የልብስ ነው ጋሼ። ሳር ለክቼ አላውቅም።

ሊቁ፦ ለካ!

መርፌ፦ (እየለካ) ሠላሳ ስምንት። ለልጅ ቁምጣ ይበቃል።

ሊቁ፦ በበጋ እንዲህ የለመለመ! አሥር ከአሥር! ጎረቤትስ?

መርፌ፦ አንድም ቤት የለም። ሁሉም ጋራው ላይ ተኮልኩለዋል። ለምን ይሆን?

ሊቁ፦ ኋላ ቀር ስለሆኑ ነዋ! ሜዳ እያለ ድንጋይ ላይ! ጎረቤት አለመኖሩም አሥር። ራሱን የቻለ ሰው ጎረቤት ምን ያደርግለታል?

መርፌ፦ አካፋውን ልመልሰው ታዲያ?

ሊቁ፦ የማንን አካፋ?

መርፌ፦ ጠዋት ጋራው ላይ ካሉት እትዬ የተዋስነውን። የጠጣነውም ውሃ የሳቸው ነው። እስክሪብቶውም።

ሊቁ፦ እሱ... ለጊዜው ነው።

መርፌ፦ ገባኝ። ራስን መቻል ከነገ ወዲያ ነው የሚጀመረው።

ሊቁ፦ ጭንቅላትህ ክር እንዳለቀበት መኪና በባዶው ይጮሃል! ትሸጣለህ አትሸጥም?

መርፌ፦ ሱሪውን አይቼ ነው የምወስነው።

ሊቁ፦ የምን ሱሪ?

መርፌ፦ እኔ አፈር አላውቅም፣ ሱሪ ነው የማውቀው። ጋራው ላይ የተሰጣው ሱሪ ሁሉ እስከ ወገቡ ጭቃ ነክሶታል። እትዬን ብጠይቃቸው "ክረምት ክረምት ሜዳውን ስንሻገር ነው" አሉኝ።

ሊቁ፦ (ሜዳውን እያየ) እስከ... ወገብ?

መርፌ፦ የረጅም ሰው ወገብ። ላንተ ደረት ነው።

ሊቁ፦ አንተ! ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?

መርፌ፦ "ያልጠየቅኩህን አትመልስ" ብለኸኝ ነዋ።

ሊቁ፦ ቅድም ምሳ ላይ የሜዳውን ውል ፈርሜያለሁ እኮ! የአሁኑ ግምገማ ለወጉ ነው!

መርፌ፦ ውይ ጋሼ!

ሊቁ፦ እህትህ ቅዳሜ ከነአልጋው ትመጣለች! የት ላሳድራት?

መርፌ፦ እኔ ጋ። እትዬ ለመኪናዬ አንድ ክፍል ሰጥተውኛል። መንደሩ በተቀደደ ሱሪ ሞልቷል፣ ሰፊ ግን የለም። አሥር ከአሥር!

(ሊቁ በንዴት ዘጭ ብሎ ሲቀመጥ ሱሪው ከኋላ ተተረተረ።)

መርፌ፦ አሥራ አንድ።

ይኸው እስከዛሬ ጋራው ላይ ናቸው። መርፌ ይሰፋል፣ ሊቁ ቁልፍ ይተክላል፣ ወሬውን ግን አልተወም። እባካችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ እንግዳ ይወዳሉ። በክረምት ከሆነ ግን ቅያሪ ሱሪ ያዙ።