ተጠሪ እና ተጧሪ

በየመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ በወጣ ቁጥር መንግሥትን ከሥልጣን የሚያወርድ አንድ ሰው አለ። እስከ ምሳ ሰዓት ያወርደዋል፤ ከምሳ በኋላ ሻዩን ፉት ብሎ መልሶ ይሾመዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላችሁ መሥሪያ ቤታችሁ ገና አልተከፈተም ማለት ነው።

በእኛ ማተሚያ ቤት ሹመቱ የተሰጠው ለመጽሐፍ ጠራዡ ነው። "ጋሼ ራሴ" እንላቸዋለን። ስሙን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው። የጡረታ መዋጮ የተቆረጠበትን የደመወዝ ወረቀት ሙጫ ባልነካት ትንሽ ጣታቸው አንጠልጥለው፣ "የእኔን ሽምግልና ለመንግሥት ማን አደራ ሰጠው? ገንዘቤን ራሴ እይዛለሁ፤ ራሴን ራሴ እጦራለሁ" ይላሉ። ይህን በወር አንዴ ካልሰማን ደመወዝ የገባልን አይመስለንም።

ባላንጣቸው አራሚያችን እትዬ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ሲያድኑ የኖሩ ሴት፣ ያለ ቦታዋ የገባች ነጥብ እንቅልፍ የምትነሳቸው። ቀይ እስክሪብቷቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ፣ "አንተ ሰው፣ እጅ ላይ ያለ ገንዘብ እግር አለው። ልጅ የለህ፣ ሚስት የለህ። ነገ ማን ይጦርሃል?" ይሏቸዋል።

"ራሴ።"

እኔ የመጽሐፍ ገጽ አቀናባሪ ነኝ፤ አንድ ቀን አላስችለኝ አለና ገባሁበት። "ጋሼ፣ መንግሥት አይረባም አይበሉ። ብቻዋን የምትኖር አክስት አለችኝ። የቤት ኪራይ አቅቷት እዚሁ ምሳ ላይ ሳማርር አልነበር? ይኸው ሦስት ዓመቷ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ የመንግሥት ሰው ድጎማዋን ቤቷ ድረስ ያመጣላታል። አንድም ቀን አላዛነፈ።"

ጋሼ ራሴ የሙጫ ቆርቆሯቸው ውስጥ ሊገቡ እስኪደርሱ አቀርቅረው፣ "እንግዲህ፣ አንዳንዴ ይሳካለታል" አሉ። አሸነፍኩ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። ወይ አለማወቅ።

ስልሳ ሞላቸውና የጡረታ ቅጽ መጣላቸው። አልሞላም አሉ። "ሲቆርጡብኝ አልጠየቁኝ፤ ሲሰጡኝ ለምን እለምናለሁ?" ቅጹ ሦስት ሳምንት ከካርቶን ሥር ተኛ። የማስረከቢያው መጨረሻ ዐርብ ነበር። ያ ካለፈ ደመወዝም የለ፣ ጡረታም የለ፤ ባዶ እጃቸውን መቅረታቸው ነው። ሹራባቸው ክርኑ ላይ ሁለቴ ተጥፏል፤ እኛም "ራሴ እይዛለሁ ያሉት ሁሉ የት ገባ?" እያልን እናማቸዋለን።

ዐርብ ጠዋት እትዬ ቅጹን ፊታቸው ዘረጉት። "አንተ ሙላ፣ እኔ አርማለሁ። ሳትሞላ ከዚህ አልነሳም።" ጋሼ ራሴ እያጉረመረሙ፣ አንዱ መስታወት ሙጫ በጠጣ መነጽራቸው እያጨናበሱ ሞሉት።

እትዬ ማረም ጀመሩ። ስም፣ ደህና። ዕድሜ፣ ደህና። ከዚያ ቀይዋ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረች። ቅጹ "የተጠሪ ስም" ይላል፤ ድንገት አንድ ነገር ቢመጣ የሚጠራ ሰው ማለቱ ነው። ጋሼ ራሴ "የተጧሪ ስም" ብለው አንብበውታል። በዚያች አንድ መስመር አምስት ሰው አጭቀዋል፤ አልበቃ ቢላቸው ወደ ኅዳጉ ወጥተው ሽቅብ ጽፈዋል። ዓይናቸው የጠፋው የድሮ አታሚ። የዘበኛችን እናት። እግሯን ያመማት የበፊቷ ጽዳት ሠራተኛ፣ ከነእህቷ። ከሁሉም በታች፦ "የገጽ አቀናባሪው አክስት። መንግሥት ነው የላከኝ ብያታለሁና እንዳይነገራት።"

በእትዬ ትከሻ ላይ አሻግሬ አነበብኩት። "ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እርስዎ ነዎት?"

"ከማላውቀው ሰው ምጽዋት አልቀበልም አለችኝ፤ ምን ላድርግ? ከመንግሥት ሲሆን መብቷ ነው። ሰው መብቱን ሲቀበል አንገቱን አይደፋም።" ይህን ብለው ሳይጨርሱ የሠላሳ ዓመት ክርክራቸውን በገዛ አፋቸው እንዳፈረሱት ገባቸው። ጆሯቸው ቀላ።

"ታዲያ አንተስ መብትህን ብትቀበል?" አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ደግሞ ካልፈረምክ መንግሥት በሚመጣው እሑድ ምን ይዞ ሊሄድ ነው?"

ጋሼ ራሴ ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ፈረሙ። እትዬም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስህተት አይተው አለፉ፤ አንድም ስም አልሰረዙም። በተረፈችው ጠባብ ቦታ ግን "ተጠሪ" ብለው የራሳቸውን ስም ጻፉ።

ወር ሲገባ እሑድ ማለዳ አክስቴ ቤት ቀድሜ ተገኘሁ። በሩ ተንኳኳ። "መንግሥት ነው፣ ክፈት" አለችኝ። ከፈትኩ፤ ኮፍያ፣ ቦርሳ፣ ክርኑ የተጣፈ ሹራብ። "ይግቡ፣ ክቡር መንግሥት" አልኳቸው።

አክስቴ ወንበር እየሳበችላቸው፣ "ይሄ የወንድሜ ልጅ ነው። መሥሪያ ቤታቸው እርስዎን ሲያማ የሚውል አንድ ሰውዬ አለ አሉ፤ ቂም እንዳይዙበት" አለቻቸው።

ጋሼ ራሴ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ግድ የለም፣ እመቤቴ፤ መንግሥት ምሕረት አድርጎለታል" አሉ።