ኣይተ ተስፋልደት ዝም ያሉበት ሩብ ሰዓት

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ የሚሳሳትና የሚያርም። የሚሳሳተው ብዙ ነው። የሚያርመው በየሰፈሩ አንድ ነው፤ አንድም ይበቃል። በመቐለ፣ በሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ኣይተ ተስፋልደት ናቸው። የሾማቸው የለም። ሊሽራቸው የቻለም የለም።

ልቅሶ ቤት የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ እጃቸውን አውጥተው የሟችን ዕድሜ በሁለት ዓመት ቀንሰዋል። ዓይደር ሆስፒታል፣ የደም ግፊት መለኪያው ክንዳቸው ላይ እንደተጠመጠመ፣ ለወጣቱ ሐኪም የመድኃኒቱን ስም አጠራር አስተካክለዋል። የእሳቸው ግፊት ያን ቀን ደህና ነበር። ከፍ ያለው የሐኪሙ ነው። የመጀመሪያ ልቦለዴን አንብበው ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ አርባ ሦስት ስህተት ለቅመውበታል። አርባ አንዱ እውነት ነው። በሁለቱ እስካሁን እንከራከራለን።

"ስህተት ሰምቼ ዝም ካልኩ ተባባሪ ሆንኩ ማለት ነው" ይላሉ።

ዋናው ግዛታቸው ግን ቼኮስሎቫኪያ ናት። በሰባዎቹ ዓመታት መንግሥት የእርሻ መሣሪያ እንዲያጠኑ ብራቲስላቫ ልኳቸው ነበር። ትራክተሩን ረስተውታል፤ ቋንቋውን አልረሱም። ባጃጅ ውስጥ "ዶብሪ ዴኝ!" ብለው ይገባሉ፣ "ድያኩየም" ብለው ይወርዳሉ። አገሪቱ ሁለት ቦታ መከፈሏ ሲነገራቸው "እኔን ያማከረኝ የለም" ብለው ጉዳዩን ዘግተውታል።

ይህ ሁሉ ማንንም አይጎዳም ነበር፤ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኣብርሀት ልጅ ባይኖራቸው። ልጅቷ ሳሊና ትባላለች። ገና ስትድህ ጀምሮ በአጥር ላይ "ዬዴን፣ ድቫ፣ ትሪ" እያሉ ያስቆጥሯት ነበር። ስትሳሳት ከአንድ ያስጀምሯታል። ይህች ልጅ አድጋ እንግሊዝ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘች። ሰፈሩ በሙሉ "ኮምፒውተር!" አላት። እሷ ቅጹ ላይ ቼክኛና ስሎቫክኛ ብላ ሞላች።

"እንግሊዝ ድረስ ሄዳ እንግሊዝኛ ያልሆነ ነገር?" አሉ እናቷ። "ኣይተ ተስፋልደት፣ ሁሉም ሰው ልጅሽ ቼክኛ ልትማር ነው ወይ እያለ ይስቅብኛል። ልጄን ምን አደረጓት?"

"ቼክኛ ብቻ ያሉዎት ተሳስተዋል፣ ወይዘሮ ኣብርሀት። ስሎቫክኛም አለበት።"

አንድ ዓመት አልተነጋገሩም።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ሳሊና ለእረፍት መጣች። ሻንጣዋ ውስጥ ቸኮሌት ነበረ። ደብዳቤም ነበረ። የቼክኛውን የጽሑፍ ፈተና አልፋለች፤ የቃሉን ወድቃለች። ነሐሴ ላይ በኢንተርኔት እንደገና ትፈተናለች። ከወደቀች የትምህርት ዕድሉ ያበቃል፤ እንግሊዝም ያበቃል።

ኣይተ ተስፋልደት ይህን ሲሰሙ ያዘነ ፊት ለማሳየት ሞከሩ። አልሆነላቸውም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሥራ ፈትቶ የኖረ ስሎቫክኛ ሥራ አገኘ!

ሓወልቲ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ልምምዱ ተያዘ። እሳቸው በስሎቫክኛ ይጠይቃሉ፣ እሷ በቼክኛ ትመልሳለች። እዚያም ሕዝቡ እንዲሁ ነው የሚግባባው አሉ። እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሳሊና በተሳሳተች ቁጥር የማኪያቶውን ብርጭቆ በማንኪያ ይመታሉ። ቲን። አስተናጋጇ ፍሬ የተጠራች እየመሰላት በአንድ ጠዋት አሥራ አራት ጊዜ ተመላለሰች።

"አባባ፣ ከፈለጉኝ በስሜ ይጥሩኝ።"

"አንቺን አይደለም፤ ሰዋስዉን ነው።"

በስምንተኛው ቀን ሳሊና መሀል ላይ አቆመች።

"ቀጥይ እንጂ፣ ጓለይ፤ ቀጥይ ልጄ።"

"ኣቦይ ተስፋልደት፣ ሰኔ ላይ ለምን የወደቅኩ ይመስልዎታል?"

"መሠረቱ ትንሽ..."

"ተሳስቼ አይደለም። ዝም ብዬ ነው። ፈታኟ ትጠይቀኛለች፤ እኔ አፌን ስከፍት እርስዎ ይመጡብኛል። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው 'ከአንድ ጀምሪ' ይሉኛል።"

ኣይተ ተስፋልደት ማንኪያውን አዩት። ከዚያ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ማንኪያው የካፌው ነው። ፍሬ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ፈተናው እኔ ቢሮ ሆነ፤ መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር አለ። ደንቡ አጭር ነው። ተፈታኟ ለሩብ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ትሆናለች። የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ ፈተናው ይሰረዛል። እኔና ኣይተ ተስፋልደት ከስሱ የኮምፔንሳቶ እንጨት ግድግዳ ወዲህ ተቀመጥን። ቤታቸው ሆነው እንዲጠብቁ ለምኛቸው ነበር።

"ዝም ማለት የማልችል ሕፃን ነኝ?" ብለው ተቆጡ።

ወንበር ሳብኩላቸው።

በሁለተኛው ደቂቃ ከወንበራቸው ተነሡ። ኮታቸውን ጎትቼ አስቀመጥኳቸውና ደብተሬንና እስክሪብቶዬን ሰጠኋቸው። ለያንዳንዱ ስህተት አንድ ጭረት። በአራተኛው ጭረት ግንባራቸው አላበው። በስድስተኛው መሐረባቸውን ነከሱ። እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሆነ፤ የመሐረቡን ሌላ ጫፍ ነከስኩ። ሁለት የተከበርን ሰዎች በአንድ መሐረብ ተያይዘን ተቀመጥን።

ከዚያ ፈታኟ አንድ ነገር ጠየቀች። ሳሊና ዝም አለች።

ዝምታው ረዘመ። የሰኔው ዝምታ መሆኑ ገባኝ። ኣይተ ተስፋልደት ቃሉን ያውቁታል፤ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ አየሁት። አፋቸውን ከፈቱ። እጄን ስዘረጋ ቀደሙኝ፤ በሁለት መዳፋቸው የገዛ አፋቸውን ደፈኑት። ዓይናቸው ፈጠጠ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ለዓይደር ልደውል ምንም አልቀረኝ።

ሳሊና ተናገረች።

ጭረት! ተሳስታለች ማለት ነው። ግን አላቆመችም። ሌላ ጭረት፤ ቀጠለች። ፍጥነቷ ጨመረ። ሳቀች፤ ፈታኟም ሳቀች። ከዚያ ሁሉ ቃል እኔ የገባኝ አንድ ብቻ ነው፤ "ተስፋልደት"። ደገመችው። ሠለሰችው።

እስክሪብቶው ቆመ። ደብተሩ ጥግ ላይ "ምን እያለች ነው?" ብዬ ጻፍኩ። ማንም ሳይጠይቃቸው ሠላሳ አምስት ዓመት ሲተረጉሙ የኖሩት ሰው ራሳቸውን ነቀነቁና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በሩ ተበረገደ።

"አለፍኩ! እዚያው ነገረችኝ፣ አለፍኩ!"

አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ወዲያው ግን ወደ ኋላ ብላ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች።

"እሺ፣ ኣቦይ። ስንት ተሳሳትኩ?"

ኣይተ ተስፋልደት ደብተሬን ዘግተው ተቀመጡበት። አሥራ አንድ ጭረት ነበረው።

"አንድም አልሰማሁም፣ ጓለይ።"

በሠላሳ ዓመት ትውውቃችን ከአፋቸው ሲወጣ የሰማሁት የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። አላረምኳቸውም።