ጋሽ ይጣራ እና የሻምፒዮኑ ወገብ

በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም መንገድ፣ ሰው ሁሉ እልል ሲል ቅንድቡን ሰቅሎ «ቆይ እስቲ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም ባይቀጥረውም ሥራው ይኸው ነው። የእኛ መንገድ ከዚህ ዓይነቱ ሰው ድርሻዋን ከነምርቃቱ ተቀብላለች፤ ክቡር ልብስ ሰፊ፣ የጥርጣሬ ሊቀ መንበር፣ ጋሽ ይጣራ የእኛ ናቸው።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። መንገዱ ግን ከአፋቸው በማይጠፋው ቃል ጠራቸው፤ እሳቸውም «ማን አወጣው? ይጣራ!» ብለው ስሙን አጸደቁት።

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። በስፌት ቤታቸው መስኮት ሥር ያለችውን ጥግ ተከራይቼ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። ሬዲዮ «ዛሬ ፀሐይ ነው» ካለ ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ። «ዝናብ ነው» ካለ ይተዉታል። በስብሰው ሲገቡም አይሸነፉም፤ «ይሄ ካፊያ ነው፣ እነሱ ያሉት ዝናብ ነው» ይላሉ። ሰዓታቸውን ጠግኜ ስሰጣቸው ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል።

«ይሄዳል?»

«ይሄዳል፣ ጋሼ።»

«አሁንስ እሺ፤ ነገስ?»

ሐኪም «ድነዋል» ሲላቸው «አሁንስ እሺ፤ ነገስ?» ብለውታል። በገዛ ልጃቸው ሠርግ ላይ ሙሽራው ቀለበት ሲያጠልቅ፣ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ ያንኑ በጆሮዬ አንሾካሹከውልኛል።

በሥራቸው ሁለት የማይሻሩ ሕጎች አሏቸው። አንደኛው፣ «ሁለት ሜትር ያለው ልብስ ሰፊ ሌባ ነው፤ አንዱ ለደንበኛ፣ አንዱ ለራሱ።» ስለዚህ አንገታቸው ላይ የምትንጠለጠለው ቢጫ ሜትር አንዲት ብቻ ናት። ሁለተኛው፣ ሰው የሚለኩት በሜትር ቢሆንም ጨርቅ የሚቆርጡት ከአባታቸው በወረሱት የእንጨት ማስመሪያ ነው። «ሜትር በላብ ይለጠጣል፤ እንጨት ግን አይዋሽም።» እነዚህን ሁለት ሕጎች ያዙልኝ፤ ኋላ ሱሪዬን ሊያስወልቁኝ ነው።

አሁን ወደ ዱቄት ልምጣ። ዱቄት አማቻቸው፣ የአንዲት ልጃቸው ባል ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዱቄት ፋብሪካ ጆንያ ሲሸከም ኖሮ፣ ከሥራ ሲወጣ ከጠጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ስለሚሆን ነው ስሙ። ከሥራ መልስ ቦክስ ይሠራል። አንድ ቀን «ብረቱ» ከተባለው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጋር ሊገጥም የነበረው ተጋጣሚ ታመመ። አዘጋጆቹ የሚያሟሟቅ ሰው ሲፈልጉ ዱቄትን አገኙ። በሰባተኛው ዙር የዱቄት ግራ እጅ የብረቱን አገጭ አገኘው። ብረቱ እንደ ቁም ሳጥን ወደቀ።

መንገዱ አበደ! ዳቦ ጋጋሪው ከነሽርጡ ጨፈረ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ወንበር ላይ ወጣሁ። ጋሽ ይጣራ ግን ማጉያ መነጽሬን ተውሰው ቴሌቪዥኑ ላይ ተደፉ፤ ያቺን ቡጢ አሥራ አንድ ጊዜ ተመለከቷት።

«ተንሸራቶ ነው» አሉ በመጨረሻ። «መድረኩ እርጥብ ነበር። ይጣራ።»

«ጋሼ፣ አገጩን እኮ ነው ያገኘው!»

«አገኘው። አሁንስ እሺ፤ ነገስ?»

ይኼ «ነገስ» ግን የዋዛ አልነበረም። ብረቱ በሦስት ወር ውስጥ እንደገና ልግጠመው ብሎ ፈረመ። ዱቄት የፋብሪካ ሥራውን ለቋል። ሐኪሙም «ጀርባህ ከእንግዲህ አንድ ጆንያ አይችልም» ብሎታል። የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ካስነጠቀ የሚመለስበት ቦታ የለውም፤ ሚስቱ ደግሞ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች።

አዲሱ ሻምፒዮን ዱቄት በበኩሉ ተዝናናልን። በየምግብ ቤቱ ፎቶ ሊነሡ ያስቀምጡታል፤ ፎቶው በአንድ ሳህን አያልቅም። ጠዋት መሮጡን ተወ። «ጋሼ፣ ሻምፒዮን ያርፋል እንጂ!» ሲል ሰማሁት።

ጋሽ ይጣራ መርፌውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ነገሩኝ፤ «አርባ ዓመት ሰፋሁ። ሥራ አስኪያጅ የሆነ ሁሉ በሦስተኛው ወር ሱሪ ሊያሰፋ ይመጣል። ሰው ሲያሸንፍ መጀመሪያ የሚለቀው ወገቡን ነው። ይሄም ልጅ ይመጣል፤ ቁጭ ብለህ ጠብቅ።»

መጣ። ለግጥሚያው አዲስ ቁምጣ ሊለካ። ለመጀመሪያው ግጥሚያ ሲለካ ዘጠና ስድስት ነበር።

«እጅህን አንሣ። አትተንፍስ። ሆድህን አትሳብ፤ አየሁህ!» ሜትሯን አዞሩበት። «መቶ ሦስት።»

«አይሆንም፣ ጋሼ!»

«ሜትሩ ይዋሻል ነው የምትለኝ? ራስህ አንብበው። መቶ ሦስት! የቀድሞውን ልክ ይዘህ እስክትመጣ ቁምጣ የለም፤ እኔ ለድንኳን ስፌት አልተቀጠርኩም።»

ዱቄት አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሲሮጥ አየሁት። በየሳምንቱ እየመጣ ይለካል። መቶ አንድ። መቶ። እንደገና መቶ፤ ያን ሳምንት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።

በዚያው ሰሞን በመንገዳችን ላይ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ጋሽ ይጣራ የሰፉት ልብስ ሁሉ ሰፊ! የሒሳብ ሹሙ ሱሪ በስብሰባ መሃል ከዳው። የርዕሰ መምህሩ ኮት ምክትላቸውን ጨምሮ ይይዛል። የእኔ አዲሱ ሱሪ በእጅ ካልተያዘ አይሄድም። ተሰልፈን አቤት አልን።

«ሱሪው አልሰፋም» አሉ ያለ ምንም ሐፍረት። «እናንተ ከስታችኋል። ሐኪም ይያችሁ፤ ይጣራ።»

የሒሳብ ሹሙ፣ ጤነኛው ሰውዬ፣ ሄዶ ደሙን ተመረመረ።

ጥርጣሬ ተላላፊ ነው፤ እኔንም ያዘኝ። ዓይናቸው ደክሟል ብዬ ጠረጠርኩ። ልፈትናቸው ብዬ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ክር ያስገቡልኝ» አልኳቸው፤ ቀና ብለው እያዩኝ፣ መርፌውን እንኳ ሳያዩ፣ በአንድ ጊዜ አስገቡት። «ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ። «ምንም» አልኩ።

የግጥሚያው ቀን እሑድ ከሰዓት ነበር። ቴሌቪዥኑን የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አቆምነው፤ መንገዱ በሙሉ ስፌት ቤቷ ውስጥ ታጨቀ። ዱቄት ዘጠና ስምንት ላይ ሲወርድ ጋሽ ይጣራ «ለዛሬ ይሁን» ብለው የሰፉለትን ቁምጣ ለብሶ ብቅ አለ። ክቡርነታቸው ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው አንድ ቁልፍ መትከል ጀመሩ። አንዲቷን ቁልፍ አምስት ዙር ሙሉ ተከሏት።

«ቆሟል?» ይሉኛል ሳይዞሩ።

«ቆሟል፣ ጋሼ።»

«ይተነፍሳል?»

«ከእርስዎ ይሻላል።»

በዘጠነኛው ዙር ብረቱ በቀኝ አገኘው። ዱቄት በአንድ ጉልበቱ ወረደ። ዳኛው አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር ሲጀምር ጋሽ ይጣራ ከነመርፌያቸው ዘለው ተነሡ።

«ተንሸራቶ ነው!» ብለው ጮኹ። «መድረኩ እርጥብ ነው! አታዩም? ተነሣ፣ ልጄ! ተነሣ፣ የእኔ ጌታ!»

ስድስት ሲባል ተነሣ። ሦስቱን ቀሪ ዙሮች ብረቱ አፉን ከፍቶ አየር ሲለምን፣ የእኛ ልጅ ግን እግሩ እንደ ጠዋት ሯጭ ይፈጥን ነበር። በነጥብ አሸነፈ።

ጩኸታችን መስታወቱን አንቀጠቀጠው። ጋሽ ይጣራ ዓይናቸውን በቁራጭ የገበር ጨርቅ ጠረጉ። ሁላችንም ስናያቸው ጊዜ፣ «ዳኞቹ ይጣሩ» ብለው ወደ ውጭ ወጡ። ሲወጡ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሜትሯን ጠረጴዛው ላይ ረሷት።

የሰዓት ጠጋኝ ዓይን ዝም ብሎ አያልፍም። አነሣኋት። ጫፏ ላይ ያለው ቆርቆሮ አዲስ ነው። ማጉያ መነጽሬን አደረግሁ። አንድ የለም። ሁለት የለም። ቢጫዋ ሜትር የምትጀምረው ከስድስት ነው! አምስቱ ሳንቲ ሜትር በመቀስ ተቆርጦ፣ ጫፉ በጥንቃቄ ተመልሶ ታሽጓል።

መቶ ሦስት የተባለው ወገብ ዘጠና ስምንት ነበር፤ ዘጠና ስምንት የተባለው ደግሞ ዘጠና ሦስት። ልጁ የቀድሞ ልኩን አልፎ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከስቶ ነው ለግጥሚያ የወጣው። እኚህ ሰው ሁለተኛ ሜትር እንዳይገዙ ሕጋቸው ስለያዛቸው፣ አማቻቸውን ለማስሮጥ ብለው የመንገዱን ሕዝብ በሙሉ ሰፊ ሱሪ አልብሰውታል! እንጨቱ አልዋሸም፤ የዋሸችው ሜትር ያለችውን በታማኝነት ቆረጠ እንጂ።

ሰኞ ጠዋት ዱቄት ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። አንድ ዓይኑ አብጧል፤ ሌላው ይስቃል።

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ አሸነፍኩ። አሁንስ ያምኑኛል?»

«አሁንስ እሺ፤ ነገስ? እጅህን አንሣ። አትተንፍስ።» ሜትሯን አዞሩበት። «ይኸው! በአንድ ቀን መቶ! ምን በላህ?»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ያቺ ሜትር እኮ…» ብዬ አፌን ስከፍት፣ በጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር እግሬ ላይ ወደቀ። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንን የእጅ ክብደት የሚያውቀው ብረቱ ነው፤ የእግሩን ደግሞ እኔ። ቀና ስል፣ ዱቄት ባላበጠው ዓይኑ ጠቀሰኝ።

«መቶ?» አለ በጣም አዝኖ። «እንግዲህ ነገ እሮጣለኋ፣ ጋሼ።»

«ትሮጣለህ!»

ክቡርነታቸው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ሜትሯ ምን ሆነች ልትል ነው?»

«ምንም፣ ጋሼ» አልኩ፣ በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ። «ልክ ናት።»

ሜትሯን ወደ አንገታቸው መለሱ።

«ይጣራ» አሉ።

ሱሪዬን እስከ ዛሬ አላስጠበብኩትም።