በሚስ ሉኤላ አፍ የሚናገሩት ገምጋሚዎች

የትም ሰፈር ሂዱ፣ የማን ልጅ ዩኒቨርሲቲ በምን እንደገባ ከዩኒቨርሲቲው በላይ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። "እሱ በኳስ ነው፤ እሷ በአባቷ ነው፤ ያቺ እንኳ በቆዳዋ" ብሎ ይበይናል። የኛ፣ የአሜሪካዋ ከተማ የቶሌዶ ጥቁሮች፣ በያኝ ክብርት ሚስ ሉኤላ ፕሪዊት ናቸው። ፀጉር ቤቱ የሳቸው ነው፣ እኔ ፀጉር አጣቢያቸው ነኝ።

የሳቸው ግን ይለያል። የደንበኛቸውን ፀጉር በማበጠሪያ ጭራ እየከፈሉ ድንገት ዝም ይላሉ። ዓይናቸው ይገለበጣል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ማመልከቻ የሚያነቡት ገምጋሚዎች በሳቸው አፍ ማውራት ይጀምራሉ፤ አንዷ ሳል የማይለቃት ሴትዮ፣ አንዱ ድምፁ የደረቀ ሽማግሌ። እኔ ፓስተራችንንም አማቴንም እያስመሰልኩ ሰው የማስቅ ሴት ነኝ፤ ማስመሰል አይጠፋኝም። ይሄ ማስመሰል አይደለም። ሽማግሌው ሲያወራ የሚስ ሉኤላ ከንፈር ከቃሉ ጋር አይገጥምም።

ደሞ ስተው አያውቁም። የዲያቆን ሃስኬልን ልጅ "ጎበዝ ነው፣ እንደሱ ያለ ግን ሞልቶናል" አሉት። የዩኒቨርሲቲው መልስ ቃል በቃል እንደዛው መጣ። እናትየው ፀጉር ቤት ቀየረች።

ማመልከቻው ላይ ዘር የሚሞላባትን ሳጥን ገምጋሚዎች እንዳያዩ ፍርድ ቤት ከከለከለ ወዲህ ፀጉር ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ድርሰትሽ ላይ ጥቁር ነኝ ብለሽ ጻፊ፣ እሱ አልተከለከለም ይላል። ግማሹ ደሞ በቆዳዋ ገባች እንዲሉሽ ነው ይላል። መሀል ላይ የኔ ልጅ ጆስሊን አለች። ድርሰቷ ላይ፣ ለትምህርት ቤት ፎቶ ስትዘጋጅ ፀጉር የሚተኮስበት የጋለ ማበጠሪያ ጆሮዋን እንዴት እንዳቃጠላት ጽፋለች። "ጥቁር ነኝ" የምትል አንዲት መስመር አለችበት። ትውጣ ወይስ ትቆይ? ማመልከቻው የሚላከው የዛኑ ቀን ነው፤ የደንበኛ ወንበሩ ላይ ወጥታ ሚስ ሉኤላን ጠየቀች።

የሚስ ሉኤላ ዓይን ተገለበጠ። እሳት ላይ የተጣደውን ማበጠሪያ ሳነሳው በረዶ ሆኗል። ሽማግሌው መጣ።

"ይቺንስ በምን እናስገባት?" አለ። "መስመሯን ካላወጣች አይሆንም።"

ሚስ ሉኤላ ነቁ።

"ድምፁን አሁን ለየሁት" አሉ ቀስ ብለው። "የዛሬ ሃምሳ ዓመት፣ በክፍል ሙሉ ነጮች ፊት 'አንቺ በምን ገባሽ?' ያለኝ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዬ ነው። እኔም ራሴን ስጠይቅ ከርሜ ዓመቱን ሳልጨርስ ጥዬ ወጣሁ። ሞቷል እኮ። ቀብሩ ላይ ሄጄ አረጋግጫለሁ።"

ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ያሉት ሁሉ ጭንቅላታቸውን አወጡ። የሳቀ የለም።

"ታዲያ ላውጣት?" አለች ጆስሊን።

"እንዳታወጫት፣ የኔ ልጅ። ግድ የለም፣ እኔ ልሳሳት።"

ጆስሊን መስመሯን ሳትነካ ማመልከቻውን ላከችው። የብርዱን ወራት ሙሉ ሚስ ሉኤላ ገና ኮቴን ሳላወልቅ መልሱ መጣ ወይ፣ መጣ ወይ ሲሉኝ ከረሙ። እንዲህ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም።

መጋቢት ላይ መጣ። ገብታለች። ሚስ ሉኤላ የጆስሊንን ስልክ ተቀብለው ሁለቴ አነበቡና የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ለገባው ለወጣው "ተሳሳትኩ እኮ!" ሲሉ ሰነበቱ፤ ፖስተኛው ሳይቀር ሰምቷል።

ከዛ ወዲህ በሳቸው አፍ የሚናገር የለም። ትንቢት ፍለጋ ይመጣ የነበረው ሰውም ቀርቷል። ይቅር። መሳሳት እንዲህ ያማረበት ሰው እኔ አላየሁም።