ማሲንቆ ትንፋሽ አያጥረውም ለካ!

ጓዶች፣ ዛሬ ሠርግ ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ!

ደሴ፣ ድንኳን ውስጥ፣ አንድ የማላውቀው ሽበታም ሰው ማይኩን ያዘና፣ ወደ እኔ እያመለከተ፣ እኚህ አዛውንት መካነ ሰላም ላይ የሠሩትን ማርሽ ላሰማችሁ አለ። ደረቴን ነፋሁ። "ፓም፣ ፓም፣ ፓራም" አለና ቀጥ።

ዝም!

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ያቺ ዝምታ ታሪክ አላት።

አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን መካነ ሰላም የሙዚቃ አስተማሪ ነበርኩ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ በማርሽ ባንድ ትራምፔት ስለነፋሁ ራሴን ከፍ አድርጌ ነበር የማየው (ወጣትነት!)። አንድ ትልቅ ሹም ሊጎበኘን ነውና በማርሽ ተቀበላቸው አሉኝ። ካማረ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለህ ተባልኩ።

በምን ልቀበል? ከተማው ውስጥ አንድ ትራምፔት የለም! ያሉት አዝማሪዎች ናቸው። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። የነፊዎቹን ማርሽ ለማሲንቆና ለክራር አሬንጅ አደረግኩት። ኖታ ስለማያነቡ በአፌ እያዜምኩ አስጠናኋቸው። ሠራ!

አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩም። ነፊ ትንፋሽ መሰብሰብ ስላለበት ማርሹ መሃል ላይ ሁሉም የሚያርፉበት ቦታ አለው። እኔም እንዳለ ገለበጥኩት። ማሲንቆን ምን ትንፋሽ ያጥረዋል?

ያ ሰሞን ደግሞ ራቡ የጠናበት ነው። ከየገጠሩ የመጣ ሰው የእርዳታ መጋዘኑ አጥር ሥር ወድቋል። እህሉ አለ፤ ፈቃድ ከላይ እስኪመጣ ግን ተቆልፏል። ወደ ልምምድ ስሄድ በዚያ በኩል አልፍ ነበር፣ አንገቴን ደፍቼ።

ቀኑ ደረሰ። እንግዳው ተቀመጡ። ማርሹ አማረ! እረፍቷ ጋ ደረስን።

ጸጥ።

ከከላላ ቤተሰባቸውን ይዘው በእግር የመጡት አባ ሰይድ ከሕዝቡ መሃል ቀስ ብለው "ተቀበል" አሉ።

"እህሉን ዘግተውት ማኅተም ሲጠብቁ፣
አይጦች ሳይፈርሙ ገብተው ፈነደቁ።"

አዝማሪ ተቀበል ተብሎ ዝም ይላል እንዴ? ሁሉም በአንድ ድምፅ ተቀበሉ። በኔው ማርሽ ዜማ! ሕዝቡም ተከተለ። እኔ እጄን አየር ላይ ሰቅዬ ቀረሁ።

እንግዳው ላብ በላብ ሆኑ። ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊት እያዩ ምን ይበሉ? አሁኑኑ ይከፈት አሉ። ተከፈተ።

ከዚያ እኔን አስጠሩኝ። አዲስ አበባን እርሳው፤ ማርሹን ቀጥዬ በምጎበኘው አቀስታም ትደግመዋለህ፤ ያቺን ክፍተት ግን ትደፍናታለህ አሉኝ። ወጥቼ መሪ ማሲንቆ መቺውን ጋሽ ካሳን ምን ይሻላል ብዬ አማከርኳቸው።

"አቀስታም መጋዘን አለ አሉ" ብለው ማሲንቋቸውን መቃኘት ጀመሩ።

አልደፈንኳትም። እንዲያውም ትንሽ አስረዘምኳት!

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ሳቁ ሲበርድ ሰውዬው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። "የአባ ሰይድ ልጅ ነኝ" አለኝ። "እኛ የበላነው ከዚያች ዝምታ ነው።"

አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም።

ግን ሰው ነኝ፣ አላስችል አለኝ። ከዝምታዋ ቀጥሎ ያለው ዜማስ፣ የደከምኩበት፣ እሱ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኩት።

"ኧረ ጋሼ፣ ወደ መጋዘኑ ስንሮጥ ማን ቆሞ ሰማው?"

እስቲ ፍረዱኝ፤ ያን ሁሉ ኖታ ጽፎ ባልጻፈው የሚታወስ ሰው አቀናባሪ ይባላል?